በ1970ዎቹ ፒያሳ ያረፉ አያትን ከመዝገብ ማግኘት

እህቴ፣ «ሴት አያቴ በ1970ዎቹ ፒያሳ አካባቢ አርፈዋል፤ ከሕዝብ ቆጠራና ከሞት መዝገብ ታሪካቸውን ማግኘት ይቻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከቆጠራው ምንም አትጠብቂ። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች የታተሙት በድምር ነው፤ የየቤቱ ቅጽ በሕግ ምስጢር ስለሆነ ለልጅ ልጅም አይሰጥም። የሞት ምዝገባም በአዋጅ 760/2004 መሠረት በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የእሳቸው ዘመን ላይ አይደርስም።

የተቀበሩበት ደብር ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ መጀመሪያ ግን የክርስትና ስማቸውን አጣሪ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ ሰፈሩ «በላይነሽ» የሚላቸው ሴት መዝገቡ ላይ «ወለተ ማርያም» ብቻ ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ብዙ ሰው «የሉም» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ነው። ቀኑን ለማግኘት ትልልቆቹን «ሙት ዓመታቸው መቼ ይዘከር ነበር?» በያቸው። ዓመቱን የረሳ ሰው በዓሉን አይረሳም፤ «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» ካሉሽ ኅዳር 13 ነው። ውጭ ያለ ዘመድ በፈረንጅ «1978» ካለሽ ደግሞ ወሩን ጠይቂ፦ ኅዳር ከሆነ 7 ቀንሰሽ 1971፣ የካቲት ከሆነ 8 ቀንሰሽ 1970 ነው።

ቀጥሎ እድር። የጸሐፊው ደብተር ላይ የሟች ስም፣ ቀኑና ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ ይሰፍራል። አባልነቱ አብዛኛውን ጊዜ በባል ስም ስለነበር በአያትሽ ስም ብቻ አትፈልጊ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ነዋሪው ስለተበተነ፣ ደብተሩ ያለበትን ለማወቅ ከሰፈሩ የተነሱ ሽማግሌዎችን በስልክ ማፈላለግ ግድ ነው። ይህን አታቆዪው፤ ደብተሩን የያዘ ሰው ሲያልፍ ደብተሩም አብሮ ይጠፋል።

የቤቱ ነዋሪዎች የተመዘገቡበትን የቀበሌውን የቤተሰብ ቅጽ ለማግኘት የዛሬውን ወረዳ ቁጥር ይዘሽ ብትሄጂ አይገኝም። ክፍለ ከተሞች በ1995 ዓ.ም. ሲመጡ ቀበሌዎች ተጠቃልለው ቁጥራቸው ተቀይሯል። የዱሮውን ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር)፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ከአሮጌ መታወቂያ ወይም ከቤት ኪራይ ደረሰኝ ላይ ቅጂ። ስሙንም በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም፣ በ«ጸ»ም በ«ፀ»ም አስፈልጊ። ዕድሜ ላይ 60 ወይም 65 ብታገኚ ግምት ነው ብለሽ ያዢው።

ቤት ወይም ጡረታ ከነበራቸው ግን ልጆቻቸው የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው ይሆናል። የሞቱበት ጊዜና የልጆቻቸው ስም እዚያ ላይ ይገኛል። የመዝገብ ቁጥሩን ለማግኘት አጎትሽ ወይም አክስትሽ ቤት ያለውን የሰነድ ሳጥን ክፈቺ።