በከባድ ብርድ የናፍታ መኪና ማስነሳት፦ ጥያቄና መልስ

በሚኒሶታ፣ በሰሜን ዳኮታና በዋዮሚንግ መስመር የምትነዱ ሁሉ ጠይቁ። ሥራዬ የከባድ መኪና ሞተር ጥገና ነው፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን የአየሩን ሙቀት፣ የመኪናውን የምርት ዓመትና ነዳጁን የት እንደቀዳችሁ ጻፉልኝ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጠየቅኋችሁ አንዱንም አልጻፍክም። ሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) እያዞረ ነው የማይነሳው ወይስ ጭራሽ አያዞርም? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። አይተህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ነገ ጭኜ ወደ ሰሜን ዳኮታዋ ፋርጎ እሄዳለሁ። ትንበያው ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ይላል። ታንኮቼን እዚሁ ሞልቼ ናፍታ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፈሳሽ ብጨምርበት ይበቃል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። አይበቃም። ናፍታ በተፈጥሮው ሰም አለው። ሲሞቅ ሟምቶ አይታይም፤ ሲቀዘቅዝ ግን እየጠጠረ ነዳጁን ያደፈርሰዋል። መደበኛው ቁጥር 2 ናፍታ ብዙውን ጊዜ 15 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 9 ሴልሺየስ) አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል፤ እንደ ነዳጁ ዓይነት ቀደም ወይም ዘግየት ሊል ይችላል። ታንኩ ውስጥ ያለው ገና ፈሳሽ ሳለ ሰሙ ፊልትሮው ላይ ይጋገርና መንገዱን ይዘጋል። ሞተሩ የሚጠፋው ሙሉ ታንክ ይዞ ነዳጅ አጥቶ ነው።

የሰሜን ማደያዎች በብርዱ ወራት ቁጥር 1 ናፍታ ቀላቅለው ይሸጣሉ። ዋጋው ከፍ፣ ጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ሰሙ ጥቂት ስለሆነ በብርድም ይፈስሳል። ዳላስ ያለው ማደያ የሚሸጥልህ ለዳላስ አየር የሚሆነውን ነው። ሁለት ታንክ ሞልተህ ከተነሳህ ፋርጎ ስትደርስ የምታቃጥለው አሁንም የቴክሳስን ናፍታ ነው። ስለዚህ ከቤትህ የሚያስኬድህን ያህል ብቻ ቅዳ። በኢንተርስቴት 29 ወደ ሰሜን ስትወጣ ታንኩን አጉድልና ሱ ፎልስ (ደቡብ ዳኮታ) ላይ የብርድ ወራት ቅልቅል መሆኑን ጠይቀህ ሙላ። ፈሳሹን ከመቅዳትህ በፊት ጨምረው፤ ናፍታው ሲወርድበት በደንብ ይዋሃዳል። ነዳጁ አንዴ ከደፈረሰ በኋላ ግን መከላከያው ሰሙን መልሶ አያሟሟም። ትርፍ ፊልትሮም ያዝ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ መኪናዬ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ቆሟል። እዚሁ ስለቀዳሁ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። ሚኒሶታ በሞቃቱ ወራት የሚሸጠው ናፍታ 20 በመቶው ባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይትና ከስብ የሚሠራ ነዳጅ) ነው፤ በብርዱ ወራት 5 በመቶ ይሆናል። ባዮዲዝል ሲበዛ ነዳጁ ቶሎ ይረጋል። ብርዱ ሳይከፋ አቃጥለህ ጨርሰው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ በአየር ማስገቢያው ኤተር (ሞተር ለማስነሳት የሚረጨውን ተቀጣጣይ ፈሳሽ) ብነፋበትስ?

መልስ፦ አይነፋም። የአሁኖቹ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚገባውን አየር የሚያሞቅ ፍርግርግ ወይም የማሞቂያ ካንዴላ አላቸው። ኤተር የጋለ ብረት ሲያገኝ ይፈነዳል። ኤተር አትንፉ።

አስተያየት (ከአትላንታ)፦ እኛ ድሮ አገር ቤት ቤንዚን ቀላቅለን፣ ከሥሩም እሳት አንድደን እናስነሳ ነበር። አንድም ቀን ጉዳት አላየንም።

አስተያየት (ከቶሮንቶ)፦ የእርስዎ ዘመን መኪና ሌላ ነው። የአሁኑ ፓምፕ ናፍታውን እስከ 30,000 ፒኤስአይ በሚደርስ ግፊት ይገፋል፤ የሚያለሰልሰውም ናፍታው ራሱ ነው። ቤንዚን ቅባት ስለሌለው ፓምፑን ይበላዋል።

አስተያየት (ከአትላንታ)፦ ኬሮሲንስ? እሱን ሰው ሁሉ ይቀላቅላል። የመንገድ ግብር የማይከፈልበት ቀዩም ርካሽ ነው።

አስተያየት (ከቶሮንቶ)፦ ቀዩን ይዘው ከተያዙ ርካሽነቱን ያዩታል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወጣቶች ያነብባሉና ዝም አልልም። ከሥር እሳት አይነድም፤ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሽቦና የተንጠባጠበ ዘይት አለ። ሰው ይቃጠላል። ንጹሕ ኬሮሲን በልክ ሊቀላቀል ይችላል። ቀይ ቀለም የተደረገበትን ነዳጅ በአውራ ጎዳና ማቃጠል ግን በአሜሪካ ቅጣቱ 1,000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር ነው፤ የሚበልጠውን ያስከፍሏችኋል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ጋሼ፣ ተመልሻለሁ። ሞተሪኖው ያዞራል፤ ግን እየተጎተተ ነው። ከዜሮ በታች 10 ፋራናይት፤ የ2016 ምርት፤ ዘይቱ 15 ደብልዩ 40።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ችግርህ ባትሪና ዘይት ነው። ባትሪ በዜሮ ፋራናይት ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ያጣል፤ ዘይቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወፍሮ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ባትሪዎቹን ለየብቻ አስፈትሽ፤ አንዱ ከሞተ ሌሎቹን ይዟቸው ይወርዳል። ባዶ የሆነ ባትሪ ውስጡ በረዶ ይሠራል። ጎኑ ያበጠ ካየህ ኬብል እንዳታገናኝበት፤ ሊፈነዳ ይችላል። የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደ በብርድ ያን ያህል ወደማይወፍረው 5 ደብልዩ 40 ሲንተቲክ ዘይት ተሻገር። የሞተር ማሞቂያውን ከማስነሳትህ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በፊት መብራት ላይ ሰካው። ስታስነሳ ከ30 ሰከንድ በላይ አታዙር፤ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። ኤተርም አትንፋ።

ጥያቄ (ከቺካጎ)፦ ነፋሱ ሲታሰብ ከዜሮ በታች 40 ይላል። ናፍታው በዚያ ልክ ይቀዘቅዛል?

መልስ፦ አይቀዘቅዝም። ነፋስ ቶሎ ያቀዘቅዛል እንጂ ብረትን ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርድም። ቴርሞሜትሩን ተከተል።

ጥያቄ (ከሉዊቪል)፦ ዴፍ (የጭስ ማጽጃው ፈሳሽ) በረዶ ቢሆን መኪናው ይነሳል?

መልስ፦ ይነሳል። ዴፍ በ12 ፋራናይት በረዶ ይሆናል፤ ሞተሩ ሲሠራ የታንኩ ማሞቂያ ያቀልጠዋል። በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙላ። ምንም ነገር አትጨምርበት።

ጥያቄ (ከፎኒክስ)፦ በብርድ መስመር ጥሩ የሚከፍል ድርጅት የትኛው ነው?

መልስ፦ ይህን ሌላ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ (ከኢንዲያናፖሊስ)፦ ናፍታው ረግቶብኛል። መከላከያውን አሁን ልጨምር?

መልስ፦ ለዳላሱ የጻፍኩትን አላነበብክም። ከረጋ በኋላ መከላከያው አይረዳህም። የረጋውን ማሟሚያ የሚባለውን ለብቻው ግዛ፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ታንኩ ውስጥ ጨምር፤ ፊልትሮውንም ቀይር። አሁንም ካልሠራ መኪናውን ወደ ሞቀ ጋራዥ አስጎትት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ለእኛም ያስፈልገናል?

መልስ፦ አያስፈልጋችሁም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ናፍታ አያረጋም። ጠዋት የሚያስቸግራችሁ ያረጀ ባትሪ፣ የወፈረ ዘይትና የከፍታው ስስ አየር ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ ስታገናኙ ግን 24 ቮልት ከ24 ቮልት ጋር መሆኑን አረጋግጡ። እሳትም ከሥሩ አታንድዱ።