ወንጂ ቤት ከመግዛትሽ በፊት ከወለል እስከ ጉልበትሽ ያለውን ግድግዳ እዪ

ከአራት ኪሎ የተላከልኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እናቴን የአዲስ አበባ ብርድ አልስማማ ብሏታል። ጉልበቷን እያመማት ክረምቱን ሙሉ ከቤት አትወጣም። ወንጂ ዘመድ ስላለን እዚያው ከሸንኮራ ማሳ አጠገብ አንድ የብሎኬት ቤት አየን። አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ግን ታች በኩል ቀለሙ ተላልጦ ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ደግሞ ስንጥቅ በሰያፍ ወደ ላይ ወጥቷል። ሻጩ ‹ሙቀት ነው፣ የቆላ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው› ይላል። ደላላው ቀብድ ክፈሉ ብሎ ይዞናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀብዱን ያዝ አድርጊው። ቤቱን ተዪው ማለቴ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ፍተሻ የሚባል ነገር ከቀብድ በፊት ካልሆነ ትርጉም የለውም። ከከፈልሽ በኋላ የምታገኚው ችግር ሁሉ ያንቺ መደራደሪያ መሆኑ ይቀርና ያንቺ ራስ ምታት ይሆናል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። እኛ መሀል አዲስ አበባ ቤት ስንገዛ ዓይናችን ወደ ላይ ነው። ጣራው ያፈሳል ወይ? ኮርኒሱ ውሃ ነክቶታል ወይ? አሸንዳው በስብሷል ወይ? ለአራት ኪሎና ለፒያሳ ቤት ይሄ ልክ ነው። ዝናባችን ብዙ፣ መሬታችን ተዳፋት ነው፤ ውሃው ወርዶ ይሄዳል። ወንጂ ግን ሌላ ነው። ሜዳ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በመስኖ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ቤት የሚበላው ከታች ነው። ከአፈሩ፣ ከከርሰ ምድር ውሃው፣ ከምስጡ። እኔ ቆላ ወርጄ ቤት ስፈትሽ አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው ተንበርክኬ ነው።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ማሳ የአዋሽን ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። በመስኖ አገር ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ቀርቧል። ብሎኬትና ልስን ውስጣቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ግድግዳውም ውሃውን ከመሠረቱ ይስበዋል። ውሃው ብቻውን አይመጣም፤ የአፈሩን ጨው ይዞ ነው። ፀሐዩ ውሃውን ያተነዋል፣ ጨው ግን የትም አይሄድም። እዚያው ከቀለሙ ሥር ይጠጥርና ቀለሙን፣ ቀጥሎም ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ሻጩ «ሙቀት ነው» ማለቱ ግማሽ እውነት አለው። ሙቀቱ ያፋጥነዋል። ምንጩ ግን መሬት ውስጥ ነው፤ ቀለም ቢቀባ፣ በሲሚንቶ ቢለሰንም አይድንም። እንዲያውም ታችኛው በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ይሄን ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ንጹሕ ላስቲክና ጥሩ ስኮች ያዢ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለሽ የተላላጠውን ቀለም ፋቂ፣ ዱቄቱን በደንብ ጥረጊ፤ አለበለዚያ ስኮቹ አይይዝም። የእጅ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ አራቱንም ጎን ድፍን አድርገሽ ለጥፊ። ሁለተኛውን ላስቲክ በዚያው ግድግዳ በደረትሽ ቁመት ላይ ለጥፊ። ሁለት ቀን ይቆይ። ስትመለሺ የታችኛው ላስቲክ በግድግዳው በኩል ጤዛ ይዞ፣ የላይኛው ደረቅ ከሆነ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው። ጤዛው በላስቲኩ የውጭ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የቤቱ አየር እርጥበት ነው፤ መስኮት በመክፈት ይሻላል። ወንጂ ያለው ዘመዳችሁ ይሄን ሊሠራላችሁ ይችላል። ብቻ ሻጩ ደግሞ ቀለም ሳይቀባው በፊት ይሁን።

ጨው ብቻውን ቤት አይጥልም። ነገር ግን ለጥገናው ዋጋ አለው። ልስኑ ከጨው መስመሩ በላይ እስኪደርስ ይራገፋል፣ በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚመልስ ማርሻፔዲ (የሲሚንቶ መረገጫ) ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ይሠራል፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቀደዳል። ከመሠረቱ በላይ እርጥበት የሚያግድ ካትራሜ (ሬንጅ) ወይም ላስቲክ መነጠፉን ጠይቂ። ካልተነጠፈ፣ በኋላ ማስገባቱ ግድግዳውን በትንሽ በትንሹ እየቆረጡ ስለሆነ ብዙ ገንዘብና ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ነገር በጣም የማየው አለ። በጨው መስመር ውስጥ ያለ ኮለን ላይ ቡናማ የዝገት እንባ ወርዶ ከሆነ ወይም አርማታው በፌሮው አቅጣጫ ቁልቁል ከተሰነጠቀ፣ ፌሮው ውስጥ ውስጡን እየዛገ ነው። እዚህ ላይ የቀለም ጨዋታ የለም። መሐንዲስ ይጠራ።

ስንጥቁ ከጨው ይልቅ ያሳስበኛል።

ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ መሠረቱ ነው። ጠባዩን እዪ። እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ልስኑ ላይ ብቻ ከቀረ የልስን ስንጥቅ ነው፣ አታስቢ። ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ ከታየ፣ ስፋቱ አምስት ሚሊ ከደረሰ፣ ወይም ቁልቁል ሄዶ የድንጋዩን መሠረት ከነካ ግን ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ላዩ ሰፍቶ ታቹ ከጠበበ የቤቱ ጫፍ ወርዷል ማለት ነው። በር ይግጠም አይግጠም ሞክሪ። ጫፉ በቅርብ የተላገ በር ካየሽ «ለምን ተላገ?» በዪ።

ለምን ይንቀሳቀሳል? መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቦሌና ሲኤምሲ የሠራ ግንበኛ ያውቀዋል። የእናንተ ቤት ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ማሳው አጠገብ ነው ብለሻል። በማሳው በኩል ያለው አፈር በመስኖው ምክንያት ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው በበጋ ይደርቃል። የቤቱ አንድ ጎን እንዳበጠ ይቀራል፣ ሌላው ይወርዳል። ቤቱ መሀል ላይ ይጎብጣል። ስለዚህ የመስኖው ቦይ በየትኛው ወገን እንደሆነና ስንጥቁ ወዴት እንደሚያዘነብል አብረሽ ተመልከቺ። ሁለቱ ከተያያዙ ምክንያቱን አገኘሽው።

የሚቀጥለው ሥራ ጉድጓድ ነው። ከሻጩ ፈቃድ ጠይቂና ከመሠረቱ ጎን ወደ ታች አንድ ሜትር ያህል አስቆፍሪ። ለአንድ የቀን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሦስት ነገር ይታያል። መሠረቱ ስንት ጥልቀት እንዳለው፣ ሥሩ ገረጋንቲ (ጠጠራማ ሙሌት አፈር) ተሞልቶ እንደሆነ ወይስ በቀጥታ ጥቁሩ አፈር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉድጓዱ ውሃ እንደሚያቁር። ከአፈሩ ጥቂት ወስደሽ በውሃ ለውሺውና በመዳፎችሽ መካከል አንከባሊው። ሳይቆራረጥ ቀጭን ገመድ ከሆነ፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከተሰነጠቀ ሸክላው ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ያለ ገረጋንቲ የተሠራ ቤት አልገዛም። እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው የምነግርሽ። እናትሽን የምታስተኚበት ቤት ነው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም አንድ ቃል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሳው ንዝረት እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። ወንጂም በዚያው የስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብሎኬቱን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር የአርማታ ቢም አለው ወይ? ኮለኖቹስ አሉ ወይስ ብሎኬቱ ብቻውን ጣራውን ተሸክሟል? ኮርኒሱን በአንድ በኩል አስነስተሽ እዪ። ስንጥቁ ከዚያን ጊዜ በፊት የነበረ እንደሆነም ጎረቤት ጠይቂ።

ምስጥ። የበር መቃኑን ታች በካቻቪቴ ጠቅ ጠቅ አድርጊ። ጤነኛ እንጨት ይመልስልሻል፤ የተበላው ባዶ ድምፅ ያሰማና ካቻቪቴው ይሰርጋል። ቀለም የተቀባ እንጨት አታምኚ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ቀለሙን ብቻ ይተዋል። በመሠረቱ ድንጋይ ላይ፣ በሽንት ቤቱ ጀርባ፣ በቧንቧው ዙሪያ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ፈልጊ። ካገኘሽ የጣት ያህል አፍርሺና ተዪው። ዘመዳችሁ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይይ። ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ እዚያው አለ። የጣራው እንጨት የባሕር ዛፍ አጠና ከሆነ ወደዚያም መውጣቱ አይቀርም፤ መሰላል አስቁመሽ እሱንም በካቻቪቴ አስወጊው። ምስጥ ይታከማል። መድኃኒቱ ግን የሚረጨው አፈሩ ውስጥ ስለሆነ የጓሮ ጉድጓድ ውሃ ካለ ለባለሙያው አስቀድመሽ ንገሪ።

ውሃውን ከግድግዳው እኩል ቁጠሪው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ወንጂም በዚህ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያን ያደርቃል። እናትሽን በጉልበት ሕመም ምክንያት ከብርድ አውጥተሽ እዚያ ውሃ ላይ እንዳታስቀምጫት። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይወፍራል እንጂ አይወጣም። ክሎሪንም ተራ ማጣሪያም አያወጡትም። የአጥንት ከሰል ያለው ማጣሪያ ያወጣዋል፤ ከሰሉ ግን በየጊዜው መቀየር አለበት። ቧንቧው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ፤ ከወንዝ ተጣርቶ ነው ወይስ ከጉድጓድ? ከዚያ አንድ ጠርሙስ ቀድተሽ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አስመርምሪ። ከቤቱ ዋጋ አንጻር ወጪው ምንም ማለት አይደለም።

የተቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቤቱን በቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ግቢና ግማሽ ሰዓት ተቀመጪበት። ጠዋት ቀዝቃዛ የነበረ ቤት ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚሆን ያኔ ታውቂዋለሽ። ከኮርኒሱ በላይ አየር ማስወጫ ከሌለ ማስከፈት ቀላል ነው። የቆርቆሮው ጌጅ፣ ማለትም የውፍረት መለያው፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ሸንኮራ ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይቃጠላል፣ ጥቁር አመድ ይዘንባል። ሮቶው ክዳን ይኑረው፤ እናትሽ አስም ካለባት ደግሞ ይሄን ከሐኪሟ ጋር ተማከሪ። ኤሌክትሪኩን ቆጣሪውና ብሬከሩ ጋ የቃጠሎ ምልክት እንዳለ ብቻ እዪና ቀሪውን ለኤሌክትሪሺያን ተዪው። ወንጂ ከቆቃ ግድብ በታች፣ አዋሽ ዳር ስለሆነ በነሐሴና በመስከረም ውሃ ግቢው ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂ። ሻጩን ሳይሆን ሦስተኛ ቤት ያለውን ጎረቤት።

ባለሙያ ስትይዢ አዳማ ብትፈልጊ ይሻላል። አፈሩን ያውቀዋል፣ መንገዱም ቅርብ ነው። ሂሳቡን አንቺ ክፈዪ። ደላላው ያመጣውን ሰው አትቀበዪ፤ ቤቱ ካልተሸጠ ደላላው አይከፈለውም፣ ሰውየውም ያውቃል። ክፍያው የፍተሻ እንጂ ከሽያጩ መቶኛ አይሁን። የሚሰጥሽ ደግሞ በቃል «ጥሩ ነው» ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከፎቶ ጋር፣ ለእያንዳንዱ ጉድለት የጥገና ግምት ያለው ይሁን። በዚያ ወረቀት ነው ዋጋ የምታስቀንሺው።

እኔ ያንቺን ቤት በዚህ እመዝነዋለሁ። ጨው፣ ምስጥና ሙቀት ብቻ ከሆኑ የጥገናውን ግምት ከዋጋው ላይ አስቀንሰሽ ግዢ። ስንጥቁ ሕያው ሆኖ፣ ማለትም አሁንም እየተንቀሳቀሰ፣ መሠረቱ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ወይም ውሃ ገብቶበት የሚያውቅ ከሆነ ተዪው። ሻጩ ጉድጓድ አላስቆፍርም ካለም ተዪው።

ለስንጥቁ ግን ዛሬውኑ ዘመዳችሁን ጥሪ። በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርግ፣ ቀኑን አጠገቡ ይጻፍ፣ ሰፊው ቦታ ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስጠግቶ ፎቶ ያንሳ። ማሳው ውሃ ከጠጣ በኋላ አንድ ጊዜ፣ አፈሩ ሲደርቅ አንድ ጊዜ ደግሞ ያንሳ። ሦስቱን ፎቶ ከጉድጓዱ ፎቶ ጋር ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።