«አሬስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት ታስሮ ነበር» ለማለት «ሂ ዎዝ አሬስትድ ፎር ቱ ይርስ» ብዬ ብጽፍ መምህሬ ሰረዘብኝ። ምኑ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ አሬስት የሚያዝበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት አይፈጅም። የኛ «ታሰረ» መያዙንም፣ ማረፊያ ቤት መቆየቱንም፣ ተፈርዶበት ወህኒ መውረዱንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚይዝ ያሳስታል። «ሂ ዎዝ ኢን ፕሪዝን ፎር ቱ ይርስ» በል። አሬስትን «በቁጥጥር ስር ዋለ» ብለህ ብትተረጉመው ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚበላሽ ወዲያው ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ከአሬስት በኋላ «ፎር» ነው ወይስ «ኦን»?

መልስ፦ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ግን ትርጉማቸው አንድ አይደለም። «አሬስትድ ፎር ስቲሊንግ ኤ ካር» መኪና በመስረቁ ተያዘ ማለት ነው፤ አንባቢው መስረቁ የተረጋገጠ ሊመስለው ይችላል። ጠንቃቃ ጋዜጠኛ «አሬስትድ ኦን ሰስፒሽን ኦቭ ስቲሊንግ ኤ ካር» ይላል፤ ተጠርጥሮ ተያዘ። ዜና የምትተረጉሙ ሰዎች «ተጠርጥሮ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ፍርድ ቤት ገና ምንም አላለም።

ጥያቄ፦ «ዲቴይን»ስ ያው አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ዲቴይን ማቆየት ነው፤ ለምሳሌ ለጥያቄ ለአጭር ጊዜ ማገድ። አሬስት ከዚያ ከበድ ይላል፣ የሕግ ሥርዓት አለው። «ቻርጅ» ሲባል ክስ ተመሠረተ፣ «ኮንቪክት» ሲባል ጥፋተኛ ተባለ። በእንግሊዝ ፖሊስ የያዘውን ተጠርጣሪ በመደበኛው አሠራር ክስ ሳይመሠርት ማቆየት የሚችለው 24 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሬስት ተደርጎ ሳይከሰስ የሚለቀቅ ሰው ሞልቷል።

ጥያቄ፦ «ሃውስ አሬስት»?

መልስ፦ የቁም እስር።

ጥያቄ፦ «ካርዲያክ አሬስት»ን «የልብ ድካም» ብዬ ተርጉሜዋለሁ፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይ፤ የልብ ድካም ሌላ ሕመም ነው። አሬስት ከላቲን በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ሲመጣ መነሻ ትርጉሙ «ማቆም» ነበር፣ ሕክምናው ያንን ይዞ ቀርቷል። «ድንገተኛ የልብ መቆም» በለው። «ሃርት አታክ»ም አይደለም፤ እሱ ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው ደም ሲዘጋ ነው፣ ታማሚው ብዙ ጊዜ ነቅቶ ያወራል። ልቡ የቆመ ሰው ግን በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይጀመርለታል። በትርጉም ላይ የሚፈጠር ስህተት እዚህ ጋ ዋዛ አይደለም።

ጥያቄ፦ «አን አሬስቲንግ ፔይንቲንግ» የሚልም አይቻለሁ።

መልስ፦ ቀልብ የሚይዝ ሥዕል ነው። ከፖሊስ ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ አነባበቡስ?

መልስ፦ መነሻው ደከም ያለ «ኧ» ነው፤ ድምፁ «ሬስት» ላይ ይጠብቃል። ሲጻፍ «አር» ሁለት ናት፤ አንዷን መርሳት የተለመደ ነው።