ስለ ፍላይ ፊሺንግ የጠየቃችሁኝ ከነመልሱ፦ ትራውት፣ ባስ፣ ፓንፊሽ

ፍላይ ፊሺንግ ማለት ነፍሳት ወይ ሌላ የአሳ ምግብ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ (ፍላይ) አሳ ማጥመድ ነው፣ ትራውት፣ ባስና ፓንፊሽ ደግሞ የአሳ አይነቶች ናቸው። ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ ብዬ ነበር፣ ወረወራችሁም፣ እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስለ ባህር አሳ የጠየቃችሁኝ ይቅርታ፣ የኔ ነገር ወንዝና ሐይቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሰዎች ገመዱን አየር ላይ ወዲያ ወዲህ የሚያወናጭፉት ለምንድነው? ለማሳመር ነው ወይስ ጥቅም አለው?

መልስ፦ የሚያሳምሩም አሉ ግን ጥቅም አለው። በተራው ማጥመጃ ክብደቱ ጫፉ ላይ ነው፣ እርሳስ ወይ ከበድ ያለ ነገር ታስራለህ፣ ትወረውረዋለህ፣ ቀጭኑን ክር እየጎተተ ይሄዳል። ፍላይ ግን ላባና ፀጉር መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ነገር ነው፣ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፣ በእጅህ ብትወረውረው እግርህ ስር ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ክብደቱን ወፍራሙ ገመድ (ላይኑ) ላይ አድርገውታል። የምትወረውረው ላይኑን ነው፣ ፍላዩ ተከትሎ ይሄዳል። ወደኋላ የሚወረወረውም ላይኑ ከኋላ ተዘርግቶ ሮዱን (ዘንጉን) እንዲያጎብጠው ነው፣ ያ ጉብጠት ነው ወደፊት የሚልከው።

ጥያቄ፦ ሮድ ላይ 3፣ 5፣ 8 የሚል ቁጥር አለ። ኪሎ ነው? አንድ ብቻ ብገዛ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ኪሎ አይደለም ወንድሜ። ሮዱ የሚሸከመው የላይን ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚወጣው የላይኑን የፊተኛ 30 ጫማ (9 ሜትር ገደማ) መዝነው ነው፣ ባለ 5 ላይን እዛ ላይ 140 ግሬን ይመዝናል፣ 9 ግራም አካባቢ ማለት ነው፣ ባለ 8 ደግሞ 210 ግሬን። ለፓንፊሽ 3 ወይ 4፣ ለትራውት ባብዛኛው 5፣ ለባስ ከ6 እስከ 8። ባስ ከፍ ያለ ቁጥር የሚፈልገው አሳው ስለሚከብድ ብቻ አይመስልህ፣ ፍላዩ ራሱ ትልቅና ንፋስ የሚይዝ ስለሆነ ቀጭን ላይን አይሸከመውም። አንድ ብቻ ካልክ ሁሉም ሰው 5 ይልሃል፣ እኔ ግን ባስ ሐሳብህ ውስጥ ካለ 9 ጫማ ባለ 6 ውሰድ ነው የምለው። ትራውቱንም አያሳፍርህም፣ ብሉጊል (አንዱ የፓንፊሽ አይነት) ላይ ትንሽ ይበዛል እንጂ።

ጥያቄ፦ ሪልስ? ውዱን ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። ለነዚህ አሳዎች ሪል ላይን የሚጠቀለልበት ዕቃ ነው በቃ። የተረፈህን ገንዘብ ላይኑ ላይ አውለው፣ መጥፎ ላይን ጥሩ ሮድን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ትራውት ለመያዝ ነው የገባሁበት፣ ጓደኞቼ ግን መጀመሪያ ብሉጊል ያዢ ይሉኛል። የልጅ አሳ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው፣ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው። ፓንፊሽ የምንላቸው ብሉጊል፣ ፓምፕኪንሲድ፣ ክራፒ ምናምን ከባስ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ባስ ያለበት ኩሬ ውስጥ ታገኚያቸዋለሽ፣ ዳር ላይ ነው የሚውሉት፣ ስለዚህ 6 ወይ 7 ሜትር መወርወር ከቻልሽ ይበቃል። ውሃው ቆሞ ያለ ስለሆነ ወራጅ ላይንሽን አይጎትተውም። ፍላዩ ዱብ ብሎ ቢወድቅም አይሸሹም፣ እንደውም ምንድነው ብለው ዞር ይላሉ። ትራውት ላይ አንዴ ተሳስተሽ ሙሉውን ቦታ ታስደነግጪዋለሽ፣ እዚህ ግን ትሳሳቻለሽ ከደቂቃ በኋላ ትደግሚዋለሽ፣ ሲነክስ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚሳብ፣ ላይኑ በግራ እጅ እንዴት እንደሚያዝ ይሄ ሁሉ እጅሽ ውስጥ የሚገባው ብዙ አሳ ሲነክስሽ ነው። ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋና ከዛ ሲያልፍ ብሉጊሎች ዳር ላይ ተጠጋግተው ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራሉ፣ ከላይ ሲታይ ክብ ክብ ነጣ ያለ ነገር ነው፣ ወንዱ ይጠብቀዋል፣ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ያኔ ብዙ አትውሰጂባቸው፣ ጠባቂው ከተነሳ እንቁላሉን ሌሎች አሳዎች ይበሉታል። አንድ ነገር ግን፣ አፋቸው በጣም ትንሽ ነው። ሲነክሱ ይሰማሻል ግን አይያዙም ካልሽ ፍላይሽ ትልቅ ነው፣ 10 ወይ 12 ቁጥር መንጠቆ ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ከ10 ሜትር በላይ አይሄድልኝም፣ ላይኑ ፊቴ ላይ ይከመራል፣ አንዳንዴ ፍላዩ ጠፍቶ ነው የማገኘው። ጉልበት ነው የጎደለኝ?

መልስ፦ ጉልበት በዝቶብህ ነው። ወደኋላ ስትወረውር ላይኑ ተዘርግቶ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብህ። ካልጠበቅከው እንደ ጅራፍ ይጮሃል፣ የጠፋው ፍላይህም በዛች ጩኸት ነው የሚበጠሰው። ዞር ብለህ እየው፣ ነውር የለውም፣ ላይኑ ሲቀና ያኔ ወደፊት። ሌላው የሮዱ ጫፍ መንገድ ነው፣ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ አለበት፣ ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ ሄዶ ድርቅ ብሎ ይቆማል። መቆሙ ነው ላይኑን የሚልከው፣ ብዙ ሰው ግን ሳያቆም ሮዱን ውሃ ድረስ ያወርደዋል፣ ከዛ ላይኑ ለምን ተከመረ ይላል። የእጅ አንጓህንም ብዙ አታጥፍ።

ሊደራችሁ (ላይኑንና ፍላዩን የሚያገናኘው ቀጭን ክር) ላይ ትንንሽ ቋጠሮ የምታገኙም ጠይቃችኋል፣ ንፋስ ነው ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ንፋስ አይደለም፣ ገና ስትጀምሩ በኃይል ስለምትገፉት ጫፉ ዝቅ ይልና ላይኑ ራሱን ያቋርጣል (አንዱ በሌላው ላይ ያልፋል)። ቋጠሮውን እንዳያችሁት ቁረጡት፣ ክሩን በጣም ነው የሚያደክመው። ደግሞ ልምምድ ሳር ላይ፣ መንጠቆ ሳይኖር፣ ጫፉ ላይ የሱፍ ክር አስራችሁ። ስለ 10 ሜትር ደግሞ ብዙ አትጨነቁ፣ ወንዝ ላይ የሚያዘው ትራውት አብዛኛው ከዛ በታች ርቀት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ትራውቶቹ ሲበሉ እያየኋቸው የኔን አይነኩም። ፍላዩን አምስቴ ቀየርኩ።

መልስ፦ ፍላዩን ተዉትና ላይኑን ይመልከቱ ጋሼ። ውሃ ላይ የወደቀ ነፍሳት ከወራጁ እኩል ነው የሚሄደው። የእርስዎ ፍላይ ግን ላይን ታስሮበታል፣ እርስዎና አሳው መሃል ፈጣን ውሃ ካለ ላይኑን ይዞት ይሮጣል፣ ፍላዩም ይጎተታል፣ ከኋላው እንደ ጀልባ መስመር ሲያወጣ ያዩታል። ትራውት ይህን ካየ አለቀ። አንዳንዴ መጎተቱ ለእኛ አይን እንኳ አይታይም፣ ለሱ ግን ይታየዋል። መፍትሄው ሜንድ ነው፣ ላይኑ እንዳረፈ ወዲያው በሮዱ ጫፍ አንስቶ ውሃው ወደሚመጣበት በኩል መገልበጥ። ከዚያም መቅረብ፣ በቀረቡ ቁጥር ውሃ ላይ የሚተኛው ላይን ያንሳል። ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከጭራው በኩል ዝቅ ብለው ይምጡ። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ፈጣኑና ቀርፋፋው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ወይ ድንጋይ አጠገብ ነው፣ ሳይደክም ቆሞ ምግብ የሚመጣለት እዛ ነዋ።

እና ከላይ ካልበላ ከስር ይሞክሩ። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ውሃ ውስጥ ነው፣ ላዩ ላይ ሲበላ ስለምናየው ነው እሱ ብቻ የሚመስለን።

ጥያቄ፦ ስንት አይነት ፍላይ ያስፈልጋል? ሳጥን ሙሉ ይዘው የሚዞሩ አያለሁ።

መልስ፦ እኛ ሰብሳቢዎች ነን ተወን። ለመጀመሪያ፣ ለውሃው ላይ አዳምስ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሌን ሃላዴይ የሠራው ነው፣ ግራጫ ነው፣ አንድም የተለየ ነፍሳት አይደለም ብዙውን ግን ይመስላል። ለስር ፌዛንት ቴል፣ ይሄ የእንግሊዛዊው የወንዝ ጠባቂ የፍራንክ ሶየር ነው፣ በክር ፋንታ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው ያሰረው፣ ሽቦው ወደታች ይወስደዋል። ከዛ ውሊ በገር፣ ጥቁርና የወይራ አረንጓዴ፣ ሶስቱም አሳ ይወስደዋል። ለባስና ለብሉጊል ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖፐር ጨምር፣ መጠኑን እየቀያየርክ። በቃ።

ጥያቄ፦ የመንጠቆ ቁጥርና ቲፔት (ፍላዩ የሚታሰርበት የሊደሩ ቀጭን ጫፍ) ላይ ያለው X ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ያንሳል። 16 ቁጥር መንጠቆ ከ8 ቁጥር ያነሰ ነው፣ 5X ክር (0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ) ከ2X የቀጠነ ነው። የመንጠቆውን ቁጥር ለ3 አካፍለው፣ የX ቁጥርህ እዛ አካባቢ ነው። ባስ ላይ ይሄን ስሌት እርሳው፣ ሳርና ግንድ ውስጥ ስለሚገባብህ ወፍራም ክር፣ 0X ወይ 1X።

ጥያቄ፦ ባስ ፖፐሬን ፍንዳታ በሚመስል ድምፅ ይመታዋል፣ ስስብ ባዶ። ሁሌ!

መልስ፦ ሮዱን ወደላይ እያነሳህ ነው አይደል? ያ የትራውት ነው። ባስ ላይ ሮዱን ዝቅ አድርገህ ጫፉን ወደ አሳው አቅንተህ በግራ እጅህ ላይኑን በኃይል ሳብ። ሮዱ ስለሚለመጥ ጉልበትህን ይበላዋል፣ የባስ አፍ ደግሞ ጠንካራ ነው። ሁለተኛ ፍንዳታውን አይተህ ሳይሆን ክብደቱ ሲሰማህ ሳብ። እና ፖፐሩን እረፍት ስጠው፣ ወርውር፣ የውሃው ክበብ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዛ አንዴ ጠቅ አድርገው። ብዙ ጊዜ የሚመታው ቆሞ እያለ ነው።

ጥያቄ፦ በሙቀት ጊዜ ትራውት መያዝ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ የምትለቀው ከሆነ አዎ። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ትራውት እየታገለ ደክሞ ብትለቀው እንኳ በኋላ ሊሞት ይችላል። ቴርሞሜትር ያዝ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ትራውቱን ተወው፣ ማለዳ ሞክር ወይ ባስና ብሉጊል ሂድ፣ እነሱ በዛ ሙቀት ደስ ብሏቸው ነው የሚበሉት። በሌላ ጊዜም የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ደፍጥጠው፣ አሳውን ሳትነካ እጅህን አርጥብ፣ ውሃ ውስጥ እያለ ንቀልለት። ፎቶው ትንፋሽህን ይዘህ መቆየት ከምትችለው በላይ አይርዘም።

ጥያቄ፦ ስንት አይነት ቋጠሮ ልማር?

መልስ፦ ክሊንች ለፍላዩ፣ ሰርጀንስ ክርን ከክር ለማገናኘት። ስትጠብቀው በምራቅ አርጥበው። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ዌደር (ውሃ ውስጥ የሚገባበት ውሃ የማያስገባ ሱሪ) የግድ ነው? አደጋ የለውም?

መልስ፦ ለኩሬና ለብሉጊል አያስፈልግም ከዳር ነው። ወንዝ ውስጥ ከገባህ ግን የዌደሩን ቀበቶ ሁሌ እሰር፣ ብትወድቅ ውሃ በፍጥነት እንዳይሞላው ያግዛል። መነፅርና ኮፍያ አይለይህ፣ መንጠቆው በጆሮህ አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ ፖላራይዝድ ከሆነ ደግሞ የውሃውን ነፀብራቅ ቀንሶ አሳውን ያሳይሃል። ነጎድጓድ ከሰማህ ሮዱን አስቀምጠህ ከውሃው ውጣ፣ ብዙ ሮድ የሚሠራበት ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ ከመሄድህ በፊት ጫማህንና ዌደሩን አጥበህ በደንብ አድርቀው፣ በሽታና ባዕድ አልጌ ከውሃ ወደ ውሃ የሚጓዘው በኛ ጫማ ጭምር ነው። ስለ ፍላይ አሰራር የጠየቃችሁኝን ለብቻው እመለስበታለሁ፣ እሱ ረጅም ነው።