ለማን ነው የምትጽፉት? ስለ ፖሊሲ ፔፐር የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ፖሊሲ ፔፐር፣ ማለትም ለውሳኔ ሰጪ ምክር ስለሚያቀርብ ጽሑፍ፣ ከዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ከተመሳሳዮቹ አንዳንዱን እየመረጥኩ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ጦርነቱን ማስቆም አለበት» ብዬ ደመደምኩ። መምህሬ «ማን?» ብለው በቀይ ጻፉበት። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው። ፖሊሲ ፔፐር የሚጻፈው መወሰን ለሚችል አካል ነው፤ ለሁሉም የተጻፈ ምክር ባለቤት የለውም። ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት (ተመድ) የጸጥታው ምክር ቤት የምትጽፍ ከሆነ አሠራሩን ይዘህ ተነሳ። 15 አባላት አሉት። ከሥነ ሥርዓት ጉዳይ ውጭ አንድ ውሳኔ እንዲያልፍ ቢያንስ 9 የድጋፍ ድምፅ ይፈልጋል፤ ከ5ቱ ቋሚ አባላት አንዱ ከተቃወመ ደግሞ 14ቱ ቢስማሙም አያልፍም። ስለዚህ ሐሳቡን ማን እንደሚያቀርበው፣ ማን እንደሚቃወመው፣ ከወደቀስ ቀጥሎ ወዴት እንደሚኬድ መጻፍ አለብህ። ሁሉም የተመድ አባል አገሮች ያሉበት ጠቅላላ ጉባኤ በ1950 ያጸደቀው ውሳኔ 377 አንዱ መንገድ ነው፤ ምክር ቤቱ በቋሚ አባላቱ አለመስማማት ሲታሰር ጉባኤው ጉዳዩን አንስቶ አገሮች የጋራ እርምጃ እንዲወስዱ መምከር ይችላል። ያው ምክር ነው፣ አያስገድድም። ይህን ልዩነት በአንድ አንቀጽ ካብራራኸው መምህርህ ሁለተኛ «ማን?» አይሉህም።

ጥያቄ፦ ሦስት አማራጭ አቅርቢ ተባልኩ። «ምንም አለማድረግ፣ ጦርነት መክፈት፣ የኔ ሐሳብ» ብዬ ጻፍኩ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። ሁለቱን ያስገባሻቸው እንዲወድቁ ነው፣ አንባቢም ወዲያው ይነቃል። አስተዋይ ሰው ከልቡ ሊሟገትለት የማይችል ነገር አማራጭ አይባልም። በኦክቶበር 1962 የሶቪየት ሚሳይሎች ኩባ ውስጥ ሲገኙ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ አማካሪዎች በአየር ድብደባ፣ በወረራ፣ በባሕር እገዳና በዲፕሎማሲ ላይ ለቀናት ተከራክረዋል። የአየር ድብደባው ጠንካራ ደጋፊዎች ነበሩት፤ ነገር ግን ሚሳይሎቹ ሁሉ ይመታሉ ብሎ ዋስትና የሚሰጥ አዛዥ አልተገኘም። እገዳው ለሞስኮ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ ካልሠራም ሌላው እርምጃ አያመልጥም። አንቺም እንዲህ መዝኚ። የማትወጂውን አማራጭ ደጋፊው በሚጽፈው ጥንካሬ ጻፊው፣ ከዚያ ለምን እንዳልመረጥሽው አሳዪ።

ጥያቄ፦ ሪያሊዝም (አገሮች የሚመሩት በኃይልና በጥቅም ነው የሚለው ቲዎሪ) ላይ ብቻ አራት ገጽ ጽፌያለሁ። የት ላስገባው?

መልስ፦ ቁረጠው። ቲዎሪው እንዴት እንደምታስብ ይወስን እንጂ ገጽ አይያዝብህ። መምህሩ በግልጽ ካዘዙ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ኤአይ ምንጭ ቢፈልግልኝ ችግር አለው?

መልስ፦ የሌለ ሰነድ ፈጥሮ ሊሰጥህ ይችላል። የተመድ ውሳኔዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ዋናውን ከፍተህ ያላነበብከውን አትጥቀስ።

ጥያቄ፦ ማዕቀብ ይጣል ብዬ መክሬያለሁ። ጉዳቱንም ብጽፍ ክርክሬን አያዳክምብኝም?

መልስ፦ ጻፊው፣ በደንብ አድርገሽ! ኢራቅ ኩዌትን ስትወር በ1990 የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 661 የአገሪቱን ንግድ ከሞላ ጎደል ዘጋው። የተጎዳው ግን ወረራውን ያዘዘው ሰው ሳይሆን መድኃኒትና ምግብ ያጣው ተራ ሕዝብ ነበር። በ1995 ውሳኔ 986 ዘይት እየተሸጠ ምግብና መድኃኒት እንዲገዛ ፈቀደ፤ ብዙ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የምክር ቤቱ ማዕቀቦች በግለሰቦች ሀብት፣ በጉዞና በጦር መሣሪያ ላይ አተኮሩ። በ2022 ደግሞ ውሳኔ 2664 የሰብዓዊ እርዳታ ሥራን ከሀብት እገዳው ነፃ አደረገ። አየሽ፣ ጉዳቱን ያነሱ ሰዎች ማዕቀቡን አሻሻሉት። አንቺም ዒላማው ማን እንደሆነ፣ ሳይታሰብ ማን ሊጎዳ እንደሚችልና ምን ነፃ እንደሚደረግ ዘርዝሪ። በምን ሁኔታ እንደሚነሳ ሳትጽፊ ግን አታስረክቢ።