«ፈቅጄ የገባሁበት ስለሆነ ሕጉ አይሰማኝም?»

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ኩባንያ በገንዘብ ያዥነት እሠራለሁ። ከመምሪያ ኃላፊዬ ጋር ዓመት ያህል የፍቅር ግንኙነት ነበረን፤ ማንም አላስገደደኝም። ከተለየሁት ወዲህ ግን የደረጃ እድገቴን ይዞብኛል። ማታ ማታ በቴሌግራም «ነገ የምፈርመው ዝርዝር ላይ ስምሽ አለ፤ አስቢበት» እያለ ይጽፍልኛል። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አዘጋጅቻለሁ። መብት አለኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤውን ለጊዜው ያቆዩት። «በግል ምክንያት ለቅቄአለሁ» የምትለው አንዲት መስመር ስንቱን ሠራተኛ ባዶ እጁን አስቀርታለች።

ሁለት አዋቂዎች በሥራ ቦታ ቢዋደዱ፣ አንዱ አለቃ ስለሆነ ብቻ ወንጀል አይሆንም። ያለፈው ዓመት በሙሉ ጥቃት ነበር ብዬ አላጽናናዎትም፤ እርስዎም አላሉም። ይሁን እንጂ ያኔ የሰጡት ፈቃድ ለዛሬ አይሠራም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰውን ያለ ፈቃዱ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ ማግባባትን ወሲባዊ ትንኮሳ ይለዋል። በቃኝ ካሉት በኋላ እድገትዎን መያዣ አድርጎ የላከው መልእክት ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

አዋጁ በአንቀጽ 32 እንዲህ ያለ ትንኮሳ በአሠሪ ወይም በሥራ መሪ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የቀን ደመወዙ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል። መብቱ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። በፍርሃት ለተያዘ ሰው 15 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ሕግ አውጪው ያሰበበት አይመስለኝም። ኃላፊው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ መሆኑንም ያጣሩ። የቅርብ ተቆጣጣሪ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልዎት።

በወንጀል በኩል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 አለ። በአሠሪነቱ ወይም በሥራ ድርሻው ያገኘውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ከሴት ጋር ግንኙነት የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል። እዚህ ላይ እሺ ማለትዎ ብቻውን አያድነውም፤ ዳኛው የሚመረምረው እሺታው በምን እንደተገኘ ነው። እንግዲህ ራስዎን ይጠይቁ፦ በቃኝ ካሉ በኋላ እድገቱ እንዳይቀርብዎ ሲሉ ብቻ ከእርሱ ጋር ግንኙነት የፈጸሙበት ቀን ነበር? ከነበረ አንቀጹ ይመለከተዎታል። ካልነበረ በትንኮሳው ላይ ያተኩሩ። ክሱ የሚቀርበው በግል አቤቱታ ስለሆነ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ይኖርብዎታል።

ማስረጃዎን ዛሬውኑ ይሰብስቡ። ቴሌግራም ላይ እርሱ የጻፈውን ከእርስዎም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ቀኑ፣ ሰዓቱና የላኪው ስም እንዲታይ አድርገው ምስሉን ያስቀሩ፤ የእርስዎን «በቃኝ» ጭምር፣ የተቆረጠ ንግግር ጥርጣሬ ያስነሣልና። የእድገት ማስታወቂያውንና የሥራ አፈጻጸም ውጤትዎንም ያያይዙ። ድርጅቱ «ግንኙነቱ በፈቃዴ ነበር» የሚል ወረቀት አምጥቶ ፈርሚ ቢልዎት፣ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።