መልስ፦ ለሱሉልታ ድርቆሽ የሚሆን አሮጌ ትራክተር

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ ለመሰብሰብና ለማሰር አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 ይበቃኛል ወይስ 290 ልፈልግ ብለህ ጠይቀሃል። ለመሰብሰቡ ብቻ ከሆነ 135 ይተርፍሃል፤ ሥራው ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ ቀላል ትራክተርም መሬቱን አይደፈጥጠውም። ጣጣው ያለው ሳሩን ጠቅጥቆ የሚያስረው ማሽን፣ ማሰሪያው ላይ ነው።

ከፈረስ ጉልበቱ በፊት፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ተመልከት። 135 ባለ አንድም ባለ ሁለት ደረጃም ፍሪሲዮን እየተገጠመለት ተሠርቷል። ባለ አንዱን ስትረግጠው ትራክተሩም ማሰሪያውን የሚያዞረው ዘንግም አብረው ይቆማሉ። ወፍራም የሳር ረድፍ ሲያጋጥምህ የሚያስፈልግህ ግን ሌላ ነው፤ ጎማው ቆሞ ማሰሪያው የጎረሰውን እስኪጨርስ መዞር አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ባለ ሁለት ደረጃው ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ ገዝቼ፣ አንድ ጥቅምት ሙሉ የታነቀ ሳር በእጄ ስጎለጉል ከረምኩ። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ዘንጉን አስገብተህ በዝግታ እየነዳህ ፔዳሉን እስከ ግማሽ ርገጥ። ትራክተሩ ቆሞ ዘንጉ መዞሩን ከቀጠለ ደኅና ነው።

የ135 ሞተር 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሜዳ ላይ ለትንሿ ባለ አራት ማዕዘን እስር ይሆናል። ሆኖም ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር ያጥረዋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ማሳህ ዳገታማ ከሆነ ወይም ክብ እስር የሚሠራ ማሽን ካሰብህ ጉልበቱ የሚበልጠው 290 ይሻልሃል፤ እርሱንም በዚሁ መንገድ ፈትሸው። በቀለም አትታለል፤ አዲስ የተቀባ አሮጌ ትራክተር ባየሁ ቁጥር ዘይት የሚያንጠባጥበው የት ጋ ነው ብዬ ጎንበስ እላለሁ።